ክንዱ የጎደለው መስቀል

ሰው እናቱን የሚገድለው በጩቤ ብቻ አይደለም። ይታይሽ እናቷን የገደለቻት በሁለት ቃል ነው። ሰኔ 2009 ዓ.ም.፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ በፀጉር ቤቷ ደጃፍ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ከተጠለለ አንድ መምህር ጋር ቆማ ስትጨዋወት ነበር። ጌዲዮን ይባላል። ወላጆችሽ የት ናቸው ብሎ ጠየቃት። አባቷ በልጅነቷ መሞቱን ነገረችው፤ ይኼ እውነት ነበር። ከዚያ ምላሷ እሷን ሳያስፈቅድ ቀጠለ።

«እናቴም አርፋለች።»

ጌዲዮን ኮፍያውን አውልቆ ነፍስ ይማር አለ። ከክዳኑ የሚወርደው ዝናብ ፀጉሩን እስኪያበሰብሰው ድረስ ኮፍያውን መልሶ አላጠለቀም። በዚያ አኳኋኑ ወደደችው። በወደደችው መጠን ደግሞ ያን ቃል መልሶ መዋጥ የማይቻል ሆነ።

እናቷ ካሣነሽ በዚያች ሰዓት ስማዳ ውስጥ፣ ከወንዝ ዳር ባለች መንደር፣ የሸክላ ጭቃ እየረገጠች ነበር። የአካባቢው ሰው ፊት ለፊት ባለ እጅ ይላታል፤ ዞር ስትል ደግሞ ቡዳ። ይህ ሰው ውኃውን በእንስራዋ ይቀዳል፤ ወጡን በድስቷ ይሠራል፤ ጠላውን በጋኗ ይጠምቃል። እሷን ግን ከደጃፉ አያሳልፋትም። የባሰም አለ። ካሣነሽ ከወጣትነቷ ጀምሮ ነቃሽ ነበረች። እሾህና ጥላሸት ይዛ የስማዳንና የጋይንትን ልጃገረዶች አንገት ስታስጌጥ ኖራለች። የገበሬውም የካህኑም ልጅ ጉንጯን ከካሣነሽ ጉልበት ላይ አስደግፋ ግማሽ ቀን ትውላለች፤ ተነቅሳ ስትነሣ ግን ከዚያ ቤት ውኃ እንኳ አትቀምስም። አንገቷን አምና የሰጠቻትን ሴት፣ ከእጇ ቁራሽ ለመቀበል አታምናትም። እንግዲህ ይህን ጨዋነት ነው የሚሉት።

ይታይሽ ይህን እያየች አደገች። ትምህርት ቤት ልጆች ምሳቸውን ሲፈቱ ጀርባቸውን ያዞሩባት ነበር፤ ዓይኗ ምግባቸው ላይ እንዳያርፍ። አሥረኛ ክፍልን እንደ ጨረሰች ደብረ ታቦር ሄዳ የፀጉርና የሜካፕ ሙያ ተማረች። ከዚያም ማንም የማያውቃት መካነ ኢየሱስ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየች። አራት ዓመት ሙሉ ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። አልፎ አልፎ በመንገደኛ እጅ ነጠላና ሳሙና ትልካለች፤ የላከው ሰው የት እንዳለ እንዳይነገር አደራ እያለች።

የሚገርመው ዓይኗን ሲፈራ የኖረው አገር ዛሬ ዓይኔን ኳይልኝ ብሎ የሚሰለፍላት መሆኑ ነው። ፌስቡክ ላይ «የጋይንት ኩል» የሚል ፔጅ ከፍታለች። ሌሎች የሜካፕ ልጆች የውጭ ተዋናይ ለመምሰል ፊታቸውን ነጭ ሲቀቡ፣ ይታይሽ የአገሯን ንቅሳት አመጣች። በኩልና በቀጭን ብራሽ የሙሽራ አንገት ላይ የሰንሰለት ንድፍ ትስላለች፤ ግንባር ላይ መስቀል፣ አገጭ ላይ ሦስት ነጥብ፣ መዳፍ ላይ እንሶስላ። ደም የማያወጣ፣ ማታ በውኃ የሚለቅ ንቅሳት ነው። ሠላሳ ሺህ ሰው ይከተላታል። ባህላችን ለዘላለም ይኑር እያለ ባንዲራ የሚለጥፍላት ስፍር ቁጥር የለውም። ባህሉን በእጇ የሠራችውን ሴት ከማዕዱ የሚያስቀምጥ ከመካከላቸው ስንቱ እንደሆነ ይታይሽ አሳምራ ታውቃለች። ታውቃለች፤ ግን እሷም አላስቀመጠቻትም። በየቪዲዮው ሥር የምትጽፈው እንዲህ የሚል ነው፤ «ንድፉን ከአርብ ገበያ እናቶች የሰበሰብሁት ነው።»

ከአርብ ገበያ እናቶች አንዲት ነጥብ ሰብስባ አታውቅም። ሁሉም የእናቷ ነው።

አንድ ነገር ብቻ መደበቅ አልቻለችም። ካሣነሽ አንገት ነቅሳ ስትጨርስ በግራ ጆሮ ሥር ትንሽ መስቀል ታኖርና አራተኛውን ክንዱን ሳትነቅስ ትተወዋለች። ሙሉ ሥራ የእግዚአብሔር ነው፣ የሰው እጅ ይጉደል ትላለች። እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ነቃሽ የለም። ይታይሽ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጥላሸት እያቀበለች ያደገች ናትና፣ እሷም ስትስል ሦስት ክንድ ላይ ስትደርስ እጇ ብራሹን በራሱ ጊዜ ያነሣል። ተከታዮቿ ረስተሽው ነው ወይ ብለው ሲጠይቋት «ስታይል ነው» ብላ መልሳ ነበር። እሷም ራሷ እንደዚያው አምናለች።

ታኅሣሥ ሲገባ ጌዲዮን አንድ ነገር አመጣ። አባቱ የጋይንቷ ቤተ ልሔም አጠገብ ባለች አንዲት ደብር መሪጌታ ናቸው፤ መሪጌታ ዳኛቸው። እናቱ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ይባላሉ። እህቱ ሰብለ ለጥር ልትዳር ነው። እናቱ ሙሽራዋን የምታስውበውን ልጅ አርብ ገበያ ላይ አሳየኝ ማለታቸውን ነገራት። ከዚያ የኮፍያውን ጠርዝ ያሻሽ ጀመር።

«አንቺን የማሳያት ለሰብለ ብቻ እንዳልሆነ ጠርጥራለች» አላት።

ይታይሽ ያን ሌሊት በደስታ አልተኛችም። የሚያሳፍረው በኋላ ነው የገባት፤ አንድም ጊዜ እናቷን አላሰበችም። ካሣነሽ የምትሸጠው በመንደሯ አቅራቢያ ባለች ትንሽ ገበያ እንጂ አርብ ገበያ ወጥታ አታውቅም። ስለዚህ የሚያስፈራ ነገር አልነበረም።

አርብ ገበያ በአውድማ ሰሞን ገለባ ገለባ ይሸታል። ገበሬው ገብሱን በአህያ ጭኖ፣ እብቁን ከፀጉሩ ሳያራግፍ ይመጣል። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ከጌዲዮን ጋር ከሕዝቡ መካከል እንደ ነጭ ሻማ ቆመው ነበር። ይታይሽን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፤ ከዚያ አገጯን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩና ፈገግ አሉ። ልጃቸው በስልኩ ቪዲዮዎቿን አሳይቷቸው ኖሯል። ዘመኑ እንዳንቺ ያለ አስተዋይ አላጣም፣ የኛን ነገር አከበርሽልን እያሉ ሲያመሰግኗት ነጠላቸው ከትከሻቸው ሸርተት አለ።

አንገታቸው ላይ ሰማያዊው ሰንሰለት ታየ። ዕድሜ አደብዝዞታል፤ ግን አንድም ቀለበት አልተዛነፈም። በግራ ጆሯቸው ሥር፣ ቆዳቸው መጨማደድ ከጀመረበት ላይ፣ ሦስት ክንድ ያለው መስቀል አለ።

ይታይሽ የእናቷን እጅ አወቀችው። ወዲያው ወይዘሮዋ ለድግሱ ጠላ ሁለት ጋን ያስፈልገኛል ብለው ወደ ሸክላ ተራው መሩ። ሸክላ ተራው እንደ ወጉ ከገበያው ጫፍ ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ፣ ከእህሉም ከቅቤውም ራቅ ብሎ። እዚያ በደረቅ ሣር ላይ ጋን፣ ማሰሮና ድስት ተደርድሯል። ከድርድሩ ኋላ ካሣነሽ ተቀምጣለች።

አራት ዓመት ሰውን እንዲህ ያሳንሳል ብላ ይታይሽ አላሰበችም ነበር። እናትና ልጅ ዓይን ለዓይን ተያዩ። የካሣነሽ ፊት በራ፤ እጇም ከጉልበቷ ሊነሣ ሆነ። ወዲያው ዓይኗ ወደ ወይዘሮዋ ነጭ ነጠላ ሄደ፤ ከዚያ ወደ ቁመታሙ ወጣት፣ ከዚያ ወደ ልጇ ጫማ፣ መጨረሻ ወደ ልጇ ከንፈር። ከንፈሯ ግጥም ብሎ ነበር። ካሣነሽ የማንበብ ትምህርት የላትም፤ ይህን ግን እስከ መጨረሻው መስመር አነበበችው። እጇ ተመልሶ ጉልበቷ ላይ ተኛ፤ ፊቷም ልክ እንደ ማሰሮዎቿ ዝም አለ።

ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ወዲያው አወቋት። በዕድሜ አሥር ዓመት የምትበልጣቸውን ሴት አንቺ እያሉ፣ ድሮ አርብ ገበያ አትወጪ ምን አመጣሽ አሏት።

«መምጣት ከጀመርሁ ሁለት ወሬ ነው እመቤቴ» አለች ካሣነሽ። «አንድ ሰው አገኝ እንደሆን ብዬ ነው።»

«አገኘሽው?»

«አላገኘሁም።»

ወይዘሮዋ ጋኖቹን በጣታቸው እያንኳኩ ድምፃቸውን ሰሙ፤ አንዱ ስንጥቅ ነው፣ አንዱ ጠባብ ነው እያሉ ተከራከሩ። በመጨረሻ ሁለት ትልልቅ ጋን ተተኩሶ ለሚመጣው አርብ እንዲቀርብ ተስማሙ። ይታይሽ ይህ ሁሉ ሲሆን የቆመችበትን መሬት አታውቀውም። ወይዘሮዋ ሊሄዱ ሲሉ እንደ መጫወትም እንደ መኩራራትም ብለው ክንዷን ያዙ።

«ይቺ ልጅ ሙሽራዬን የምታስውብልኝ ናት» አሉ። «ምስኪን፣ ማንም የላት። እናቷም አርፋባታለች አሉ።»

ካሣነሽ እጇን በሣር ጠረገች። አንዱን እጅ፣ ቀጥሎ ሌላውን። ከዚያ ቀና ብላ ልጇን አየቻት።

«ነፍሷን ይማር» አለቻት፣ የገዛ ልጇን አንቱ ብላ። «እርስዎንም ያጽናዎት፣ እመቤቴ።»

ይታይሽ ዕድሜ ልኳን የማትረሳው ይህን አይደለም። የማትረሳው የራሷን መልስ ነው። አሜን አለች።

ወይዘሮዋ በዚህም አላበቁም። የዚች ልጅ አሳሳል ያንቺን እጅ ይመስለኛል ብለው አንገታቸውን ገለጥ አደረጉ። ካሣነሽ ነቃሽ ብዙ ነው አለቻቸው፤ የልጅቱን ያህል መቼ ተሳክቶልኝ ያውቃል ብላ ሳቀች። ከዚያ ከኋላዋ ካለ ቅርጫት እንቁላል የምታህል የሸክላ ብልቃጥ አውጥታ በሣር ጠቀለለችና ለይታይሽ በሁለት እጇ ሰጠቻት። ኩል ማኖሪያ ይሆንዎታል አለች፤ ዋጋ ግን ከሐዘንተኛ አልቀበልም። ጌዲዮን ከጎናቸው ቆሞ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

አውቶቡሱ ላይ ብልቃጧን ከፈተቻት። ውስጧ ባዶ ነው። ከሥሯ የእናቷ አውራ ጣት አሻራ፣ ጭቃው ገና ርጥብ ሳለ ተጭኖ፣ ከነመስመሩ ደርቋል። ይታይሽ የራሷን አውራ ጣት አሻራው ላይ ልታሳርፍ ፈለገች፤ ግን አፈረች።

ቀጥሎ ያለው ሳምንት አልነጋም አልመሸም። ጌዲዮን አልደወለም። ሰኞ አልደወለም፤ ማክሰኞም። ዝምታው ምን እንደሆነ አልጠፋትም። እናቱ መስቀሉን ነግረውታል፤ እሱም የማን ልጅ እንደሆነች ደርሶበታል፤ እንግዲህ የመሪጌታ ልጅ ከባለ እጅ ልጅ ይሸሻል፤ ይኼው ነው ብላ ፈረደች። መፍረዷም ትንሽ አሳረፋት። የሰውን ንቀት እየቆጠሩ የራስን መርሳት ቀላል ነው።

ረቡዕ ዕለት አብራት የምትሠራው ጽዮን ለቪዲዮ ተቀመጠችላት። ይታይሽ ሰንሰለቱን ሳለች፤ ከጆሮዋ ሥር ደረሰች። ሦስተኛው ክንድ ላይ እጇ እንደ ልማዱ ሊነሣ ሲል አስቆመችው። አራተኛውን ልስለው ብላ አሰበች። አንዲት አጭር መስመር ናት። እሷን ብትስላት ማንም፣ የወይዘሮዋም ዓይን ቢሆን፣ የካሣነሽ እጅ ነው አይልም። ነገሩ ይቀበራል።

ብራሹን አስጠጋች። እጇ ግን አልታዘዝ አላት። ኩሉ ከጽዮን አንገት ላይ እስከ ትከሻዋ ተንጠባጠበ። ጽዮን ምን ሆንሽ ብላ በመስታወቱ ስታያት፣ ይታይሽ ወንበሩ ሥር ተቀምጣ አፏን በፎጣ አፍና ታለቅስ ነበር። እናቷን አንዴ በምላሷ ገድላ፣ አሁን ደግሞ በብራሽ ልትቀብራት ነበር።

ሐሙስ ማለዳ ሱቁን ስትከፍት ከበሩ ሥር ደብዳቤ አገኘች። የፈተና ወረቀት ታጥፎ የተሠራ ፖስታ ነው፤ ስሟ በጌዲዮን የቤተ ክህነት ትምህርት ጽሕፈት፣ ፊደሉ እንደ ብራና ደምቆ ተጽፏል። አልከፈተችውም። ደብዳቤ እስካልተከፈተ ድረስ የመጨረሻው ቃል አልተነገረም። ደረቷ ውስጥ ከተተችው። አርብ ከመንጋቱ በፊት አውቶቡስ ተራ ነበረች።

ደርሳ ስታያት ካሣነሽ ጋኖቹን ከሣሩ እየፈታች ነበር። ቀና አላለችም። ይታይሽ አጠገቧ ተንበርክካ ጉልበቷን ልትስም ጎንበስ አለች፤ እናቷ ጉልበቷን ሰበሰበች።

«ተዝካሬን መቼ አወጣሽ?» አለቻት።

ይታይሽ ግንባሯን መሬት አስነካች።

«ለሞተ ሰው ተዝካር ይወጣለታል። የኔን መቼ አወጣሽው? ማን በላ፣ ማን ጠጣ? መቼም የባለ እጅ ተዝካር በላተኛ አያገኝም፤ ተርፎሽ ይሆናል።»

«ይቅር በይኝ።»

«ሙት ይቅር አይልም። እሱ የፈጣሪ ነው።»

አጠገባቸው ያሉ ሸክላ ሻጮች ፊታቸውን አዞሩላቸው። ካሣነሽ ሣሩን እየጠቀለለች የቀረውን ረጋ ብላ ነገረቻት። የጎረቤት ልጅ ቪዲዮዋን ስልክ ላይ አሳይታት ኖሯል። ካሣነሽ ሰንሰለቱን አይታ እጄ ነው ብላ አለቀሰች፤ መስቀሉን አይታ ደግሞ ሳቀች። ሥሩ የተጻፈውን አንብቢልኝ አለቻት። ከአርብ ገበያ እናቶች የሰበሰብሁት ነው ይላል አለቻት ልጅቱ። እንግዲህ ልጄ አርብ ገበያ ትመጣለች ማለት ነው አለች ካሣነሽ። በዚህ ምክንያት ሁለት ወር ሙሉ በየሳምንቱ ሸክላ በጀርባዋ ተሸክማ፣ ሐሙስ ተነሥታ አርብ እየደረሰች፣ የመጣውን ሕዝብ ፊት ፊቱን ስታይ ከርማለች።

ውሸቷን እንደ አድራሻ ቆጥራ ተከትላው መጥታለች። ይታይሽ ይህን ስትሰማ ከዕንባም ያለፈ ነገር ያዛት፤ መሬቱ ቢከፈትና ቢውጣት ጥሩ ነበር፤ አልተከፈተም። ካለችበት ሣር ላይ ተቀመጠች። ቀሚሷ ጥላሸት ነካ። ማሰሮ አንሥታ አቧራውን ትጠርግ ጀመር። እናቷ አልከለከለቻትም።

ወይዘሮ ወለተ ሥላሴና ጌዲዮን የመጡት ያን ጊዜ ነው። ወይዘሮዋ ገና ከሩቅ፣ አንቺ ልጅ እዚህ አፈር ላይ ምን ታደርጊያለሽ እያሉ ተጣሩ። ጌዲዮን ግን ከነበረበት ደርቆ ቀረ። ይታይሽ ተነሣች። ድምፅዋ እንደሚጠፋ ታውቅ ነበርና ፈጠን አለች።

«ካሣነሽ እናቴ ናቸው» አለች። «አልሞቱም። የገደልኳቸው እኔ ነኝ።»

ወይዘሮዋ አንዴ ካሣነሽን፣ አንዴ ይታይሽን አዩ። ያ ግራ ጆሮ ሥር ያለው ነገር ያቃጠላቸው ይመስል እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄደ፤ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡት።

«ይሸፍኑት እመቤቴ፣ ብርድ ነው» አለች ካሣነሽ። «ሳሙና ግን አይሞክሩ። አይለቅም።»

ጌዲዮን ወደ ይታይሽ ቀረበ። ኮፍያውን ያወለቀው ያኔ ነው፤ ልክ እንደዚያ ቀን። ደብዳቤዬን አነበብሽው ወይ አላት በሹክሹክታ። ከደረቷ አውጥታ ያልተከፈተውን አሳየችው። ፊቱ ጠቆረ።

«ምን ይላል?» አለች ካሣነሽ። «ጮክ ብለሽ አንብቢው። እኔ እንደሁ ማንበብ አልችልም።»

ይታይሽ ጌዲዮንን አየችው። አንብቢው አላት ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ። ፖስታውን ቀደደችና፣ ይሰናበተኛል ባለችው ሰው ፊት፣ በእናቶቻቸው ፊት አነበበች።

«ይታይሽ፤ መስቀሉን ቪዲዮሽ ላይ ያየሁት ሐምሌ ላይ ነው። እናቴ አዝላኝ በዞረችበት ሁሉ ከዓይኔ ሥር የነበረ መስቀል ነውና አልሳሳተውም። የስማዳ ሰው የሆነ ባልደረባዬን ጠይቄ የማን ልጅ እንደሆንሽ ካወቅሁ አምስት ወር አለፈኝ። እናትሽ በሕይወት እንዳለች አውቅ ነበር። ዝም አልሁ። ለምን ብትይ፣ ውሸትሽ ተመችቶኝ ነበር። እናትሽ ሞታለች ከተባለ እኔ አባቴ ፊት ቆሜ የባለ እጅ ልጅ ወደድሁ ማለት አይጠበቅብኝም። አርብ ዕለት ያቺ ሴት ለራሷ ነፍስ ይማር ስትል ቆሜ ሰማሁ። አንቺ አሜን ያልሽው ጨንቆሽ ነው። እኔ ዝም ያልሁት አስቤበት ነው። ፍቅሬን ልጽፍልሽ ብዕር አነሣሁ፤ የወጣልኝ እፍረቴ ብቻ ነው።»

ወረቀቱን አጠፈችው። ሳምንቱን ሙሉ ንቆኛል ስትል፣ እሱ ከሷው ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደስ አላላትም። ሁለት ሰዎች አንዲት አሮጊትን በሕይወቷ ሳለች ተካፍለው ቀብረዋት፣ መቃብሩ ላይ ቆመው ሲዋደዱ እንደነበር ታያት።

«አንተ ታውቅ ነበር?» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ።

«አውቅ ነበር፣ እማዬ።»

ወይዘሮዋ ሌላ አልጠየቁም። ጋኑ ይቅር አሉና ዞሩ። ጌዲዮን ግን ጎንበስ ብሎ ከሁለቱ ጋኖች አንዱን ትከሻው ላይ አወጣው። የመሪጌታ ልጅ የሸክላ ሠሪ ጋን ተሸክሞ ሲቆም ገበያው ዓይኑን ጣለበት፤ አንገቱም ቀላ።

«ጋን መሸከም ቀላል ነው፣ መምህር» አለችው ካሣነሽ። «ውሰደው። ጠላው ተጠምቆ አባትህ ዋንጫቸውን ሲያነሡ፣ ማን እንደሠራው ንገራቸው።»

«እነግራቸዋለሁ» አለ። ያለው ለካሣነሽ ነው፤ ያየው ግን ይታይሽን ነበር። አስተያየቱ ይቅርታ የሚለምን ሰው አስተያየት አልነበረም። ይቅርታ እንደማይገባው አውቆ የመጣ ሰው ነበር። ያን ያህል ወድዳው አታውቅም፤ ያን ያህልም ሩቅ ሆኖባት አያውቅም። አቀበቱን ከእናቱ ኋላ ኋላ ሲወጣ እስከ መታጠፊያው ተከተለችው በዓይኗ። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ አንድ ጊዜ ዞረው ጋኑን አዩ፤ ጣለው አላሉም። ይናገር ይሆን? አታውቅም። የገዛ ምላሷን ያላመነች ሰው የሌላውን ለማመን ምን መብት አላት።

«ያን ስልክሽን አውጪው» አለች ካሣነሽ።

«ለምን?»

«የአርብ ገበያን እናቶች ትሰበስቢያለሽ አሉ። ሰብስቢኝ።»

ይታይሽ ስልኳን አውጥታ ከማሰሮ ላይ አስደገፈችው። ብልቃጧን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ኩል ሞልታባታለች። ካሣነሽ ብራሹን ተቀብላ እንደ ዋዛ ገላመጠችው፤ ከጅራት ፀጉር የተሠራ እሾህ ብላ ቀለደችበት። ከዚያ ጉልበቷን ዘረጋች። ይታይሽ የስማዳና የጋይንት ልጃገረዶች ሁሉ ጉንጫቸውን ባሳረፉበት፣ እሷ ግን የነቃሽ ልጅ ሆና ሳለ አንድም ቀን ባልተነቀሰችበት ጉልበት ላይ ጉንጯን አሳረፈች። ብራሹ ቀዝቃዛ ነበር፤ ጣቶቹ ሻካራ። ሰንሰለቱ ከአንገቷ ዞሮ ጆሮዋ ሥር ደረሰ። አንድ ክንድ። ሁለት። ሦስት። ብራሹ ተነሣ።

ሰው መሰብሰብ ጀምሯል። የስልኩ ቀይ ነጥብ ይበራል። ይታይሽ መናገር እንዳለባት ታውቃለች፤ ሠላሳ ሺህ ሰው የሚሰማው ቃል ነው፤ ከዚያ በኋላ መካነ ኢየሱስ ላይ ማን ዓይኑን እንደሚያስኳላት ፈጣሪ ይወቅ። ትንፋሿ እንጂ ድምፅዋ ባልወጣበት አኳኋን «ይቺ እናቴ ናት» አለች።

ካሣነሽ ብራሹን በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገች።

«አልሰማሁም» አለች። «ድገሚው።»